ያልረጋው ወተት

በአቶ ዳምጤ የተቃጠለ ክንድ ላይ ሕያው ቅባት ከተቀባ ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ወተት ረግቶ አያውቅም። ቅባቱ ቁስሉን ከሚያመረቅዙት ተሕዋስያን ጋር የቤቱን እርሾ ሁሉ ይፈጃል። ወይዘሮ አስካለ ከእናታቸው የወረሱት የእርጎ ቅልም ወተት ማርጋት ትቷል።

ሐኪሙ፣ “ወተቱ ከረጋ ቅባቱ ሞቷል ማለት ነውና ፈጥናችሁ ኑ” ብሏቸዋል። ስለዚህ ወይዘሮ አስካለ ቀኑን ሙሉ ቅሉን ሲከፍቱና ሲያሸቱ ይውላሉ።

“አንቺ ሴት፣ የታመመው እኔ ነኝ ወይስ ቅሉ?” አሉ ባላቸው ከአልጋቸው ሆነው።

“ዝም በል! የሚቆረጠው ያንተ ክንድ ነው።”

ዳግመኛ ከፈቱት። የናፈቁት የእናታቸው እርጎ ሽታ አወዳቸው፤ ፊታቸው በፈገግታ በራ። ወዲያው ግን ክዳኑ ከእጃቸው ወደቀ።

“ዳምጤ፣ ተነሥ፤ ጋቢህን ልበስ።”