የሳሎኑ አልጌ

አንድ ሰው ሳሎኑ ባስቀመጠው የጨው ውኃ አኳሪየም፣ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ውስጥ የሚያሳድገው የባሕር አልጌ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ። እንደ ልጅ የሚንከባከበው ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል ነው። አምፖል ቀየረለት፤ የውኃውን ጨው ለካ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አብሮት የሚዋኘውን ቢጫ ዓሣ ይበላው ይሆናል ብሎ ጠረጠረና ለብቻው ባልዲ ውስጥ አሰረው። አልጌው መሳሳቱን አላቆመም።

ሑዳዴን ልጃቸው ቤት ሊጾሙ የመጡት አማቱ፣ እትዬ ዘርፌሽዋል፣ ምሳ አቀረቡ።

«የእርስዎ ጎመን እኮ ልዩ ነው» አላቸው። «ጨዉ ራሱ ልክ ነው።»

«ጨው እንኳ አልጨመርኩበትም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አይበሉም?» አለ የመጨረሻውን እየጠቀለለ።

«እኔ በጾም ዓሣ አልበላም፣ ልጄ» አሉት። «ዓሣ ሲዋኝበት የከረመ ጎመንም ይቅርብኝ።»