አቀባዩ

ትምህርቱ ወደ ኦንላይን ከዞረ ወዲህ፣ የኬሚስትሪ ሙከራዎቼን ባዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን እቀርጻለሁ። ካሜራው የሚያሳየው ጠረጴዛውንና እጆቼን ብቻ ነው።

በቀደም አንዲት ተማሪ ከቪዲዮው ሥር «መምህር፣ ረዳትዎ እንዴት ጎበዝ ነው! ሳይጠሩት ያቀብልዎታል» ብላ ጻፈችልኝ።

የምን ረዳት? ቪዲዮዎቹን መልሼ አየኋቸው። ባዶ እጄ በግራ በኩል ከምስሉ ይወጣል፤ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። በግራዬ ግን ከባዶ ቦታና ከግድግዳው በቀር ምንም የለም። ዕቃው ሁሉ የሚደረደረው በቀኜ ነው።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑን ጠረጠርኩ። ድሮ በግራዬ ቆሞ የሚያቀብለኝ እሱ ነበር፤ ዓይኔን ከሥራዬ ሳልነቅል እጄን መዘርጋት ያስለመደኝም እሱ ነው። ቀልድ ደግሞ ነፍሱ ነው።

ደወልኩለት።

«ጋሼ ይሙቱ፣ ከቤቴ አልወጣሁም» አለኝ።

አልዋጥልህ አለኝ። ዛሬ ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ከውስጥ ቀርቅሬ በቪዲዮ ጠራሁትና ስልኩን ፊት ለፊቴ አቆምኩት። ከነፒጃማው ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ሁለቱንም እጆችህን አሳየኝ።»

«እግሬንስ ልጨምርልዎት?» ብሎ እየሳቀ እጆቹን አነሳ።

ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል ግራ እጄን ወደ ግድግዳው ዘረጋሁ።

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ። እጆቹ ግን እንደተነሱ ናቸው።

መዳፌ ላይ ብልቃጥ አረፈ። አንገቱ ሞቅ ይላል፤ ሰው ይዞት ሲጠብቀኝ እንደቆየ።