አስወረደኝ

«ፅንሱን አስወርጃለሁ» አለ ስልኩ በእንግሊዝኛ፤ አጸደ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሳች።

«አላለችም! እህቴ እንደዚያ አላለችም!»

ነርሷ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። «እባክሽ ተቀመጪ። ዘመድ ማስተርጎም አይችልም፣ የሆስፒታሉ ደንብ ነው። አስተርጓሚ አለን።»

አስተርጓሚ የተባለው አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ስልክ ነው። ከየትኛው ከተማ እንደሚናገር እግዜር ይወቀው፣ የሸመገለ የወንድ ድምፅ ይወጣዋል። አጸደ ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋች ስንቱን መንገደኛ በእንግሊዝኛ ስታግባባ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ የገዛ እህቷን ቃል ፊቷ ሲያበላሹት አፏን ይዛ እንድትቀመጥ ተፈረደባት።

እህቷ ሄራን ያለችው «አስወረደኝ» ነው። ሳልፈልግ፣ ሳላስበው ወጣብኝ ማለቷ ነው። ስልኩ ግን የሌለችበት ነገር ውስጥ እጇን አስገባው።

እዚያ ቴክሳስ፣ ሄራን በምትኖርበት ከተማ፣ ደሙ ሲጀምራት ሆስፒታል ሄዳ ነበር። «ከባሰብሽ ተመለሺ» ብለው ሸኟት። ሲብስባት ተመለሰች፤ አሁንም ሸኟት። ለምን እንደሆነ በወጉ የነገራት የለም፤ «ውርጃ የሚከለክለውን ሕግ ፈርተው ነው» ያለቻት ጎረቤቷ ናት። ዛሬ ጠዋት ትኩሳቷን ይዛ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ እህቷ ዘንድ መጣች።

የተቀበላት ደግሞ የምናሉ የመኪና ራዲዮ ነው። ምናሉ የአጸደ ባል ነው፤ ክርክር ከሰማ ምግብም አያስፈልገው። ሁለት ፖለቲከኞች ስለ ውርጃ ሕግ ይጯጯሃሉ፤ አንዱ እያንዳንዱ ስቴት ይወስን ይላል፣ ሌላው ሴቷ ትወስን ይላል፣ ምናሉ መሪውን ይዞ እስከ ኦሮራው ሆስፒታል ድረስ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል።

«ቆይ ግን፣ ይሄኛውም እኮ ነጥብ አለው…»

«ምናሉ፣ ነጥቡን ተወውና ንዳ!»

ከኋላ ሄራን መስኮቱን ተደግፋ ጥርሷን ነክሳ ነበር። አሁንም መኪናውን ፓርክ ላድርግ ብሎ ከሄደበት ቪዲዮ ልኳል፤ «ይሄን ክርክር ስሚው፣ ጉድ ነው» ይላል። አጸደ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች ወደ አልጋው ቀረበች። ወጣት ናት። አጸደ ደንቡን ከነነርሷ ረስታ ተነሳች።

«ዶክተር፣ አስወረደች አይደለም፣ ወጣባት ነው። በኛ ቋንቋ ሁለቱን የምትለያቸው የቃሉ መጨረሻ ናት፣ እሷን ነው ያበላሸው። እህቴ ምንም አላደረገችም!»

ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። አስፈላጊ ከሆነ ለመጮህ፣ አለቃችሁን ጥሩልኝ ለማለት።

«ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው» አለች ሐኪሟ፣ ሁለተኛውን ጓንት እየሳበች። «ሕክምናው አንድ ነው፤ እዚህ የትኛው ነው ብሎ የሚከሳት የለም። ማህፀኗ ውስጥ የቀረ ነገር አለ፣ ዛሬውኑ እናጸዳዋለን።»

አጸደ ንዴቷን የምታሳርፍበት አጣች። በቃ? ይሄን ያህል ቀላል ነው? እንግዲያው ልጅቷ ይሄን ሁሉ ሰማይ በትኩሳት ያቋረጠችው ለዚች ነው?

ስልኩ ለሄራን ተረጎመላት። «ሐኪሟ የሚሉት፣ አስወርደውም ይሁን አስወርዶዎት…» አቋረጠና እንደገና ጀመረ። «አስወርደውም ይሁን አስወርዶዎት፣ ለእኔ አንድ ነው። ዛሬ ይታከማሉ።»

ሄራን ከትራሱ ቀና አለች። ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም።

«ለእኔ አንድ አይደለም» አለች። «እኔ ፈልጌው ነበር። ስም እንኳ…» ተወችው። «እዚያም ይሄንኑ ነው ያልኩት፣ እንዲሁ በስልክ። አስወረደኝ አልኩ። ስልኩ ለዶክተሩ የሆነ ነገር ነገረው፣ ፊቱ ተለወጠና ወጣ። ሁለተኛ አልመጣም።»

አጸደ እህቷን አየቻት። ያ ሁሉ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ በሚጮህበት አገር፣ ልጅቷን ያለ ሐኪም ያስቀራት ሕጉና አንድ የቃል ጫፍ ተጋግዘው ኖሯል። ይሄን ለማን ትጩህበት? ለምናሉ ራዲዮ?

ስልኩ ይሄን አልተረጎመውም። ነርሷ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ሃሎ?»

«አለሁ» አለ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ። «አስተርጓሚው ስህተቱን ያርማል። ታካሚዋ ያሉት ፅንሱ ወጣብኝ ነው። ለሐኪሟ አንድ ቢሆንም ለእኔ አንድ አይደለም፣ ልጁን ፈልጌው ነበር ብለዋል።»

ሐኪሟ እጇ ባለበት ቆመ። ከዚያ ሽማግሌው፣ ማንም ተናገር ሳይለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ ጨመረ።

«ማርያም ትማርሽ፣ ልጄ።»

እርስዎ መባባሉ ቀረ። «ማርያም ትማርሽ» ምጥ ለያዛት፣ ለወላድ የሚባል ቃል ነው። እስከዛሬ ለሄራን ያላት ሰው የለም፤ አጸደም በጥድፊያው፣ በንዴቱ አላለቻትም። ሄራን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

«ምን አላት?» ሐኪሟ ወደ አጸደ ዞረች። ነርሷም ዞረች፤ ደንቡን ያነሳ የለም።

እስካሁን ላስተርጉም ስትል የተንገበገበችው አጸደ አፏን ከፈተች። እንግሊዝኛው አልመጣላትም።

«ለእናት…» አለች በመጨረሻ። «ለእናት የምንለው ነው።»