ገጽ አሥራ አራት

የልጇ የወንጀል ማጣሪያ ንጹሕ ወጣ። አሠሪዎቹ የጠየቁት ልጁ አሁን የሚኖርበትን ከተማ ፍርድ ቤት ብቻ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ስሙ የለም።

«እማዬ፣ ሰኞ መሪ ልጨብጥ ነው!» አለ ማስቲካውን እያላመጠ። «እዚህ ከተማ እኮ ከወተት የነጣሁ ነኝ።»

«የዚያኛው ከተማ ፋይልስ?»

«ማን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ አቧራ ያራግፋል? አታሟርቺብኝ እንጂ!» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ግን አለቀልኝ።»

እናትየው ይህን ታውቃለች። ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የሚሸጠው ሁሉ ተሸጦ ቤቱ ውስጥ የቀሩት አልጋዎቹና ራዲዮው ናቸው። ዓርብ ማለዳ እህቷን ልትጠይቅ እንደሆነ ነግራው የመጀመሪያውን አውቶቡስ ተሳፈረች።

የዚያኛው ከተማ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የልጇን ፋይል አወጣው። ጠጥቶ በማሽከርከር ሰው መግደል፤ አራት ዓመት እስራት።

«እናቴ፣ ግልባጭ የሚሰጠው ለባለጉዳዩ ብቻ ነው» አላት። «ማጥፋትማ እኔንም ዘብጥያ ያወርደኛል።»

«ሰኞ ሥራ ይገባል፤ ከሰኞ በኋላ ምን ይረባኛል?» እንባዋ ቀደማት። «ልጆች አሉህ?»

«ሁለት። ትንሿ ገና አምስት ዓመት አልሞላትም።»

«እንግዲያው የወላድ አንጀት ይገባሃል።»

ሰውዬው ማጅራቱን አከከ። ብዙ እናቶች አልቅሰውበታል፤ ይህችን ግን ባዶ እጇን ሊመልሳት አልቻለም።

«ሻይ ልጠጣ ነው» አለና ወጣ። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ተወው።

ፍርዱና ማኅተሙ ገጽ አሥራ አራት ላይ ነበሩ። ቀስ አድርጋ ገነጠለችው፤ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ቤት ስትደርስ ልጇ ከነጫማው ተኝቷል። ጫማውን አወለቀችለት፤ ራስጌው ያለውን ባዶ ጠርሙስ አነሣች፤ ለሰኞ የሚለብሰውን ሸሚዝ አጠበች።

«እህትሽ ደኅና ናት?» አላት ሲነቃ።

«ደኅና ናት።»

«ጸለይሽልኝ?»

«እንዴት አልጸልይ፣ ልጄ!»

ሰኞ ጠዋት እሱ ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀድማው ወጣች። ልጇን የቀጠረው መዋለ ሕፃናት ገብታ ወረቀቱን ርእሰ መምህርቷ ፊት ዘረጋችው፤ «ይህን ሳያነቡ፣ የሕፃናቱን አውቶቡስ ቁልፍ ለልጄ እንዳይሰጡት።»