ረጅሙ ሌንስ

«ለጀማሪ አጭሩ ዙም ሌንስ ይበቃታል፤ ሰውም ቤትም ያነሳል» አለ ባለሱቁ። አጎቷ የሰጣት ካሜራ ሌንስ አልነበረውም። ኤፍራታ ግን ረጅሙን አቅፋ አልለቅም አለች።

አብረዋት የመጡትን አያቷን ነገሩ አልጣማቸውም። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ያደርግላታል? የማንን መስኮት ልታይበት ነው? ጎረምሳ ይኖር ይሆን? እናቷ ከሞተች ወዲህ ዓይናቸውን ከልጅቱ ላይ ነቅለው አያውቁም፤ አንዴ ካስነጠሰች እንኳ ጠበል ጠበል ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከሩቅ የምትሰልይው ማንን ነው?»

«ኧረ እምዬ! ለክፍል ነው።»

«ክፍል ውስጥ ደግሞ ምን ሩቅ ነገር አለ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። ባለሱቁ ሊገላግላቸው ብሎ አጭሩን ሌንስ ካሜራው ላይ ገጠመላት።

«እስኪ በዚህ፣ ከመንገዱ ማዶ አጥሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

«የምን ጽሑፍ?» አለች፣ ካሜራውን ከዓይኗ ሳታወርድ።

ረጅሙን ቀየረላት። ቀለበቱን አዞረች፣ አዞረችና ፊቷ በራ። ሳቋ እያመለጣት፣ «'እዚህ መሽናት ክልክል ነው!'» ብላ አነበበች። «አየሽ እምዬ? በዚህማ የክፍላችን ሰሌዳም ይነበባል!»

የሰው ቁመት የሚያህለውን ያንን ቀይ ፊደል አያቷ ገና ከታክሲ ሲወርዱ፣ በሰባ ዓመት ዓይናቸው፣ ያለ መነጽር አንብበውት ነበር።