የሁለት ዓመት ጥርስ

«አባባ ስልሳ ሦስት ሞላቸው፤ አማካይ ዕድሜ ስልሳ አምስት ነው። ለሁለት ዓመት ብለን ጥርስ እናሠራለን እንዴ?»

መምህሩ ይህን ያለው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ወጥ ቤት ቆሞ ለእህቱ ነበር። ተሳስቀውም ነበር መሰለው፤ በደንብ አያስታውስም። የሚያስታውሱት ከበሩ ወዲያ የነበሩት አባቱ ናቸው። ዛሬ ጥርስ ሠሪዋ ባዶ ድዳቸውን በጣቷ እየዳበሰች፣ ምነው እስከዛሬ ቆዩ አባቴ ብትላቸው፣ ቃል በቃል ነገሯት።

«የሒሳብ መምህር ነው እኮ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው እያመለከቱ። ሲመርቁት እንጂ ሲከሱት አይመስልም። «እኔም አመንኩት። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት በትርፍ ሰዓት እየኖርኩ ነው፤ ያውም በሾርባ።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። መምህሩ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ቁጥሩ ለእርስዎ አልነበረም አባባ» አለ። ገና ለሚወለድ ሕፃን የሚወጣ ግምት መሆኑን፣ ስልሳን ያለፈ ሰው ግን ከዚያ በላይ ብዙ ዓመት እንደሚጠበቅለት አስረዳ። ይህንኑ በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። ያን ቀን ቤቱ ሲደርስ ረስቶት ነበር፤ ወይም መርሳቱ ቀሎት ነበር።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «በአራስነቱ የሚሞተውም ይገባበታል?»

«ይገባበታል። ቁጥሩን በብዛት የሚያወርዱት እነሱ ናቸው።»

«ያቺ ዘጠኝ ቀን ብቻ የቆየችው ታላቅ እህትህስ?»

«እንደ እሷ ያሉት ሁሉ።»

«እንግዲህ የእሷን ዘጠኝ ቀንና የእኔን ዓመት ደባልቀህ ነዋ ያካፈልከን» አሉ ቀስ ብለው። «ምስኪን። እሷን አልቀየማትም።»

መምህሩ ዓይኑን ከጫማው ላይ ማንሳት አቃተው።

ጥርስ ሠሪዋ ሁለት ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንደኛው ሦስት አራት ዓመት፣ ሌላኛው ከአሥር ዓመት በላይ የሚያገለግል ነው አለች። የአባትየው እጅ ሳያመነታ ወደ መጀመሪያው ሄደ። መምህሩ እጃቸውን ያዘና ሁለተኛው ላይ አሳረፈው።

አባትየው እጃቸው ላይ ያረፈውን የልጃቸውን እጅ አዩ።

«ይሁን» አሉ። ከዚያም ልክ እንድትወስድላቸው ወደ ሴትዮዋ ዞረው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።