የግራው መብራት

የአውሮፕላኑ እግሮች ወርደው መቆለፋቸውን ከሚያሳዩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ሁለቱ በሩ። የግራው ጨልሞ ቀረ።

«አልበራም፣ ሻምበል» አለ ተማሪው ደምሌ፣ መሪውን እንደያዘ።

ሻምበል ገብረ ሕይወት መብራቱን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረገው። ከሥራቸው ከንፋስ መውጫ ከተማ ዳር ያለው የሣር ሜዳ ተዘርግቷል፤ ዙሪያው ሰው በሰው ሆኗል። በሃምሳ አራት ግንቦት በዚያ አገር አውሮፕላን ሲያርፍ ማየት እንደ ንግሥ በዓል ነበር። እሱ ግን የሚያስበው አንዲት ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቱን፣ ደጊቱን።

እናታቸው ሲያርፉ ገብረ ሕይወት ባሕር ማዶ ትምህርት ላይ ነበር። ለቀብሩ አልደረሰም፤ ለዚያ ማንም አልፈረደበትም። ለተዝካሩ ግን አገር ገብቶ ሳለ፣ ነገ ዛሬ ሲል ቀረ። ደጊቱ ዳስ ጥላ፣ ካህናቱን ሰብስባ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ሲነሳ «ወንድም የለኝም» ትል ጀመር። ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ ያልሆነለትን የነፍስ አባቷ ገዝተው እሺ አሰኟት። ልምምዱን በዚህ በኩል አድርጎ እንደሚያርፍ ሲልክባት፣ «ይምጣ፤ ከሜዳው እቀበለዋለሁ» ብላ መለሰች።

«እህ፣ ምን እናድርግ?» አለ ገብረ ሕይወት ደምሌን። ትምህርት ነውና መጠየቅ አለበት።

«አምፖሉን ከቀኙ ጋር እንቀያይረው።»

ቀያየሩት። ቀኙ በሁለቱም አምፖል በራ፤ ግራው በአንዱም አልበራም። እግሮቹን ሰብስበው እንደገና አወረዱ። ጎማዎቹ ሲወርዱ የሚሰማው ጉርምርምታ ከሆዳቸው ሥር መጣ፤ መብራቱ ግን ያው ነው። እግሩን በእጅ ፓምፑም ገፉት። ያው ነው።

«ዝቅ ብለን ጥላችንን እንየው» አለ ደምሌ።

በታረሰው ማሳ ላይ ዝቅ ብለው አለፉ። ጥላቸው ትልሙን እየዘለለ አብሯቸው ሮጠ፤ ሦስት እግር አለው።

«ወርደዋል» አለ ደምሌ።

«ወርደዋል። ተቆልፈዋል ወይ?»

ጥላ ይህን አይናገርም። ያልተቆለፈ እግር መሬት ሲነካ ይታጠፋል።

ሕዝቡ ነጠላውን ያውለበልባል። ገብረ ሕይወት እህቱን ያወቃት ባለማውለብለቧ ነው። በሜዳው ግራ ዳር ብቻዋን፣ የዕርቁን በግ በገመድ ይዛ፣ እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሰውነቷ ከስቷል።

«ስጠኝ» አለና መሪውን ተቀበለ።

አዙሮ ለማረፍ ተስተካከለ። ደምሌ ዞሮ አየው። ሁለቱም ደንቡን ያውቃሉ፤ እግሩ ያጠራጠረ ወደ ረጅም ሜዳ፣ ሰው ወደሌለበት፣ እሳት አጥፊ ወዳለበት ይሄዳል። ባሕር ዳር ቅርብ ነው። ገብረ ሕይወት ግን፣ በቀኙ ብቻ ቀስ አድርጌ አሳርፈዋለሁ፣ ሲል ለራሱ ነገረው። ሣሩ ቀረበ። ደጊቱም በጉን እየሳበች ወደ ሜዳው መግባት ጀመረች። ሌላውም ተከተላት።

«ሻምበል» አለ ደምሌ ቀስ ብሎ፣ «ከታጠፈ የሚጎትተን ወደ ግራ ነው።»

ገብረ ሕይወት ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። አውሮፕላኑ በእህቱ ራስ ላይ እያገሳ ወጣ። በጉ ፈርጥጦ ሲጎትታት አየ፤ ከዚያ በኋላ ክንፉ ጋረዳት።

ባሕር ዳር በቀኙ ጎማ አሳረፈው። ግራውን እንደ እንቁላል ይዞ፣ ይዞ፣ ለቀቀው። ምንም አልሆነም። መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ አየና እየሳቀ ወጣ። «እግሩማ እንደ ዋርካ ተተክሏል። የተበጠሰው የመብራቱ ሽቦ ነው።»

ደምሌ «ተመስገን» አለ። ገብረ ሕይወት ግን ለደጊቱ የሚለው እንዲኖረው፣ ምነው እግሩ ታጥፎ በነበረ ብሎ ሲመኝ ለራሱ ታወቀው።

ወደ ስልኩ ሄደ። ንፋስ መውጫ ስልክ ቤት ያለው ይርጋ አብሮ አደጉ ነው።

«ሰዉ ደስ ብሎት ነው የተበተነው» አለ ይርጋ። «ሁለቴ ዝቅ ብሎ ሰላም አለን እያለ።»

«ደጊቱስ?»

ይርጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በጉን ይዛ ከሁሉም ቀድማ ሄደች። ‹አየር ላይ ሆኖ አለፈኝ› አለች።»

«ማረፍ አልቻለም በላት።»

«እላታለሁ። ተበላሽቶበት ነው ልበላት?»

ገብረ ሕይወት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አውሮፕላኑ በከሰዓቱ ፀሐይ በሦስት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደምሌ ከክንፉ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን በግራው ጎማ ላይ ሙሉ በሙሉ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ሃሎ» አለ ይርጋ። «ትሰማኛለህ?»